ለቅዳሜና እሁድ የካያክ ጉዞ፦ ግልገል ጊቤ ወይስ ቱሉ ጉዶ?

ከጅማ ተነሥቶ ካያክ ለመቅዘፍና በድንኳን ለማደር ለሚያስብ ክበብ ቅርቡ አማራጭ፣ በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውና 184 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ አንድ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። በአዲስ አበባው መንገድ ማለዳ የወጣ ቡድን ከቀትር በፊት ውኃው ላይ ይደርሳል። ሆኖም የውኃው መጠን ከወቅት ወቅት ስለሚለዋወጥ፣ ውኃው ሲሸሽ ዳርቻው ጭቃ ይሆናል፤ ጀልባ ተሸክሞ በዚያ ማለፍ ከቀዘፋው ባልተናነሰ ያደክማል። ወባ ስላለም አጎበር ግድ ነው።

ደሴት ላይ ማደር ለሚፈልግ ግን ዝዋይ ይበልጣል። ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ የሆነው ቱሉ ጉዶ የዛይ ማኅበረሰብ መኖሪያ ሲሆን፣ በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽቶ እንደተጠለለበት የሚነገርለት የደብረ ጽዮን ማርያም ገዳምም እዚያው ይገኛል። ስለዚህ ድንኳን ከመትከል በፊት የደሴቲቱን ሽማግሌዎች ማስፈቀድ ይገባል። ሐይቁ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ አጫጭርና ተከታታይ ማዕበል ጀልባውን በጎን ይመታዋል፤ መሻገር ያለበት በማለዳ ነው።

በሁለቱም ውኃ ጉማሬ ስላለ፣ በተለይ ሲመሽ ወደ ሸምበቆው ጥግ መጠጋት አይገባም።

በእኔ አስተያየት፣ የዝዋይ መንገድ ብቻውን ቀኑን ስለሚጨርሰው፣ ዓርብ ወይም ሰኞ በዓል ካልሆነ በቀር ግልገል ጊቤ ይመረጣል።