ቦሎ ያላት መኪና ሁሉ ሕጋዊ አይደለችም፦ ቅርጿ የተቀየረ መኪና ለመግዛት ለምታስቡ

ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር ባለው መስመር ያገለገለ መኪና በማፈላለግ ላይ ላላችሁ ወገኖቼ ይህን የምጽፈው፣ እኔ የገባሁበት ጣጣ ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይገባ ከልቤ ስለምሻ ነው። የገዛኋት ኮሮላ ከመሬት ዝቅ የተደረገች፣ ሰፋፊ ቸርኬ የገባላት፣ መስታወቶቿ ጥቁር ስቲከር የተለጠፈባቸውና ማርሚታዋ ተነክቶ ድምፅዋ የጎላ ነበረች። ስለ ለውጦቹ ደላላውንም ሻጩንም ጠይቄያለሁ። የሁለቱም መልስ አንድ ነበር፦ «የዘንድሮ ቦሎ አላት፤ ተመርምራ ያለፈች ናት፤ ማን ይነካዎታል?» እኔም አምኜ ከፈልኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ፍኖተ ሰላም መግቢያ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ። ቦሎውን አሳየሁት፤ አየውና መልሶ ሰጠኝ። ከዚያም ጎማው ከፓራፋንጎው ወጥቶ የቆመበትን ቦታ በጣቱ እያሳየ፣ ቦሎው መኪናዋ በምርመራው ዕለት የነበረችበትን ሁኔታ እንጂ ዛሬ የምትገኝበትን እንደማያረጋግጥ በትሕትና አስረዳኝ። ክስ ጻፈልኝ፤ አስተካክዬም እንዳሳይ አዘዘኝ። በጊዜው ብናደድም ሰውየው ትክክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ፊሽካ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ይደነግጥ ነበር፤ ልጆቼን ይዤ ለመውጣት እንኳ የማልቆምበትን መንገድ ሳሰላ ወራት አለፉ።

ለሻጩ ስደውል የነገረኝ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። መኪናዋ ለዓመታዊው ምርመራ የምትቀርበው ከፋብሪካ የመጣችበት ዋናው ሞላ (መኪናዋን የሚሸከመው ጥምዝ ብረት) እና ቸርኬ ተመልሶ ተገጥሞላት ኖሯል፤ ቦሎው እንደተለጠፈ እንደገና ይቀየራል። ዋናውን ዕቃ ከሽያጩ ጋር አልሰጠኝም። ይልቁንም «ለምርመራ ጊዜ በየዓመቱ አከራይዎታለሁ» አለኝ። ይህ ሰው የሸጠልኝ መኪና ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚታደስ ማታለልም ነበር።

ደብረ ማርቆስ ያለ አንድ መካኒክ መኪናዋን በክሪክ ከፍ ሲያደርጋት ነገሩ ከክስም የከፋ መሆኑን አየሁ። የፊቱ ሞላ በግራይንደር ተቆርጦ ጫፉ በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ላልቶ በሁለት ጣቴ ዞረልኝ። መካኒኩ እንዳስረዳኝ ሞላ ሲያጥር ይጠነክራል እንጂ አይለሰልስም፤ ስለዚህ የፒስታው ጉድጓድ ሁሉ በቀጥታ ወደ አሞርዛቶሩ (ንዝረት ማብረጃው) እና ወደ ሻንሲው ይሄዳል። የጎማዎቹ ውጫዊ ጎን አዲስ ይመስላል፤ ወደ ውስጥ ያዘመመው ጎን ግን ሽቦው እስኪታይ ድረስ ተበልቷል። ቆሞ የሚያይ ገዢ ይህን ፈጽሞ አያየውም። በዚህች መኪና ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ወርጄ ነበር። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወርደውን ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት፣ ዋናው ፍሬን ከባዱን ቸርኬ ይዞ እንዴት እንዳቆመው ሳስብ ዛሬም ይዘገንነኛል።

መብራቱም ያው ነው፤ ለተራ አምፖል በተሠራ ቤት ውስጥ የተገጠመ ነጭ አምፖል ብርሃኑን ስለሚበትን ከፊት የሚመጣውን የአይሱዙ ሾፌር ዓይን ያጠፋል።

በሕግ እከራከራለሁ ለምትሉም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል፤ ሆኖም ገዢው በውሉ ጊዜ ለሚያውቀው ጉድለት ሻጩን ተጠያቂ አያደርገውም፤ ገዢውም ዕቃውን ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ዝቅ ያለችውን መኪና፣ ጥቁሩን መስታወትና ሰፊውን ጎማ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በውላችን ላይም «አይቼና ወድጄ ተረክቤያለሁ» የሚለውን የተለመደ ሐረግ ሳላስተውል ፈርሜያለሁ። ያቺ ሐረግ አፌን ዘጋችው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና ከወደዳችሁ፣ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት በራሳችሁ መካኒክ በክሪክ አስነሥታችሁ ከሥር እዩ፤ የጎማውን ውስጠኛ ጎን በእጃችሁ ዳብሱ። የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ፤ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ባለበት አገር፣ ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ያልተስተካከለ መኪና ስም ስታዛውሩ ያስቀራችኋል፤ ይህ ከሞላውም ይብሳል። ዋናው ዕቃ በሙሉ ከመኪናው ጋር ይሰጠኝ በሉ፤ የተቀየረው ነገር ሁሉ በዝርዝር ውሉ ላይ ይጻፍ፤ ቀሪውን ገንዘብ የምትከፍሉት መኪናዋ አሁን ባለችበት ሁኔታ ተመርምራ ስታልፍ መሆኑም ይስፈር። ሻጩ በዚህ ካልተስማማ ምክንያት አለውና ሌላ መኪና ፈልጉ።

እኔ ሞላውን፣ ቸርኬውንና ማርሚታውን ከሌላ ቦታ ፈልጌ ገዛሁ፤ ስቲከሩንም አስላጥኩ፤ ወጪው ከኪሴ ነው የወጣው። የተቆረጡትን ሞላዎች የሚገዛ ሰው ወዲያው መጥቶ ነበር፤ አልሸጥኩለትም። ሌላ መኪና ላይ እንዳይገጠሙ መካኒኩ ዓይኔ እያየ በግራይንደር ቆራርጦ ጣለልኝ።