ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር ለጀልባ ሙዚቃ ይገዛ ወይስ ይቅር?

ጣና ላይ ሰው የምትጭኑ ልጆች፣ ሃዋሳም ዝዋይም ጀልባ ያላችሁ፣ ሞተር ሲነሳ ስፒከሩ የሚያፏጭባችሁ ካላችሁ ይቺን አንብቡ። ግራውንድ ሉፕ አይሶሌተር የሚሏት እቃ ጀልባችን ላይ ከገባች ቆየች፣ ጥሩ እቃ ናት ከ5 ኮከብ 4 እሰጣታለሁ፣ ግን ሻጮቹ እንደሚሉት ሁሉንም ጩኸት አታጠፋም፣ የማታጠፋውን ሳታውቁ ከገዛችሁ ብራችሁን ውሃ በላው ማለት ነው።

እቃዋ መዳፍ ላይ የምታርፍ ትንሽ ሳጥን ናት፣ በአንድ በኩል ቀይና ነጭ ጃክ ይገባል በሌላው ይወጣል፣ የስልክ ጃክ ያላትም አለች። ሆዷ ውስጥ ያለው ሁለት ትንንሽ ትራንስፎርመር ነው፣ አንዱ ለግራ አንዱ ለቀኝ፣ በቃ። ባትሪ አትፈልግም ቫልቮላ አትፈልግም። ድምፁ በማግኔት ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ሽቦ ከሽቦ ግን አይነካካም፣ ስለዚህ በማሳው (በኔጌቲቩ መስመር) በኩል ሾልኮ የሚመጣው ከረንት እዛው ይቀራል።

የኛ ጀልባ ፋይበር ናት፣ ሞተሩ ባለ 40 ፈረስ፣ ባትሪው ከኋላ ነው አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ከፊት ወንበር ስር። ሞተር ሳይነሳ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፣ ልክ ሲነሳ ግን ጆሮ ስር እንደገባች ትንኝ ዚዚዚ ይላል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይቀጥናል ሲቀነስለት ይወፍራል። ከባህር ዳር ዘጌ አንድ ሰአት ያህል ነው፣ አስጎብኚው ስለ ኡራ ኪዳነ ምህረት በማይክ ሲያስረዳ ያ ፉጨት ከስር አብሮት ሲሄድ እንግዳው ይደክመዋል። በበአል ቀን ተሳላሚ ስንጭን ደግሞ ይብሳል፣ የበገና መዝሙር ነው የሚከፈተው፣ በገና ደግሞ ከአውታሩ ስር የምትገባዋ እንዝራ የምታመጣው የራሱ ጥዝዝታ አለው፣ የበገና ነፍሱ እሱ ነው፣ እሱ ላይ የሞተር ፉጨት ሲደረብበት በእውነት ያሳዝናል። ሰው ሊሳለም ነው የሚሄደው፣ ለኔ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

አይሶሌተሯን በስልኩና በአምፑ መሀል ስናስገባት ፉጨቱ ወዲያው ጠፋ። ሞተሩ ሙሉ ነዳጅ ላይ ሆኖ ስፒከሩ ላይ ጆሮ ብትለጥፉ የሚሰማው ቀጭን ሽሽታ ብቻ ነው። አንዷን ኮከብ የቀነስኩባት በቤዝ ነው፣ ርካሿ ላይ ትራንስፎርመሩ ትንሽ ስለሆነ ወፍራም ድምፅ ሲበዛበት ይጨናነቃል፣ ድምፃዊውም ክራሩም ደህና ናቸው ከበሮው ግን ይሳሳል። ስትገዙ በእጃችሁ መዘን መዘን አድርጓት፣ ከበድ የምትለው ብዙ ጊዜ ትሻላለች።

ፉጨቱ ከየት ነው የሚመጣው ካላችሁ፣ ስልኩ ቻርጀር ላይ ተሰክቷል አይደል፣ የቻርጀሩ ኔጌቲቭ በራሱ መንገድ ወደ ባትሪ ይሄዳል የአምፑም በራሱ መንገድ ይሄዳል፣ የሙዚቃው ኬብል ደግሞ ሁለቱን ያገናኛቸዋል፣ እንግዲህ ሉፕ የሚባለው እሱ ነው። 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ 6 ሜትር ሄዶ 10 አምፔር ሲጫንበት በኔጌቲቩ ብቻ ወደ 0.4 ቮልት ይጠፋል፣ እሱም ዝም ብሎ አይቀመጥም ከሞተሩ ቻርጅ ጋር ይርገበገባል። ከስልክ የሚወጣው የሙዚቃ ሲግናል ራሱ ብዙውን ጊዜ 1 ቮልት አይሞላም፣ ስለዚህ ከዛ ላይ ትንሿ እንኳን ብትገባ አምፑ አጉልቶ ያወጣታል። በ10 ካሬ ሽቦ ብትቀይሩት ወደ 0.1 ይወርዳል። ለዛ ነው እኔ ከአይሶሌተሯ በፊት ሽቦውን እዩ የምለው። የኛን አምፕ የገጠመው ባለሙያ የመኪና ለምዶ ኔጌቲቩን ከወንበሩ ብረት ጋር አስሮት ነበር፣ ብሎኑን ስንፈታው ቀለበቱ ስር አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል፣ ሽቦው በእጅ ሲነካ ይላወሳል። ጀልባ መኪና አይደለችም፣ ፋይበሩ ከረንት አይመልስም፣ እያንዳንዱ ኔጌቲቭ በራሱ ሽቦ ባትሪው ድረስ መመለስ አለበት። የብረት ጀልባ ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ ቀፎውን ማሳ አታድርጉት፣ ከረንት የሚሄድበት ብረት ውሃ ውስጥ ይበላል።

ሳትገዙ በፊት ሞተሩን አስነስታችሁ ስልኩን ከቻርጀር ንቀሉት። ፉጨቱ ከጠፋ አይሶሌተር ትሰራላችኋለች፣ እንደውም ስልኩን በፓወር ባንክ ቻርጅ ካደረጋችሁት እሷም ላታስፈልጋችሁ ትችላለች። ካልጠፋ የሙዚቃውን ኬብል ከአምፑ ላይ ንቀሉ፣ ምንም ሳይሰካበት አሁንም የሚያፏጭ ከሆነ ጩኸቱ ከባትሪ ወደ አምፑ በሚመጣው ሽቦ ነው የሚገባው፣ አይሶሌተር ምንም አታደርግለትም። እሱ በፖዘቲቩ ላይ የሚገባ ፊልተር ነው የሚፈልገው፣ አምፔሩ አምፑ ከሚስበው በላይ ይሁን አለዚያ ይግላል።

ሌላው ጠ ጠ ጠ የሚለው ነው፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚፈጥነው፣ እሱ የካንዴላ ነው በአየር ነው የሚመጣው። ረዚስተር ያለው ካንዴላ ቀይሩ፣ ኤንጂኬ ላይ ቢ 8 ኤችኤስ የሚለው የለውም ቢአር 8 ኤችኤስ የሚለው አለው፣ አር የምትለዋ ፊደል ናት ምልክቷ፣ የሞተሩ መፅሀፍ የሚፈቅደውን ግን እዩ። ውሃ መጭመቂያው ፓምፕ ሲነሳ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነም ችግሩ እዛው ፓምፑ ጋ ነው። አንዳንዱ ደግሞ የአምፑን ጌን (የሚገባውን ድምፅ ምን ያህል እንደሚያጎላ የሚወስነውን ቁልፍ) እስከ ጥግ ይከፍትና ሽሽታ አለው ይላል፣ ስልኩን ሶስት አራተኛ ከፍታችሁ ጌኑን ዝቅ አድርጉት፣ ይሄ ነፃ ነው።

ከገዛችኋት አምፑ አጠገብ ደረቅ ቦታ እሰሯት፣ ከሞተሩና ከወፍራሙ የባትሪ ሽቦ አርቋት፣ ትራንስፎርመር ስለሆነች ራሷ ከአጠገቧ ካለው ሽቦ የማግኔት ጩኸት ትለቅማለች። ጃኮቹንም በናስትሮ ጠቅልሏቸው፣ የጣና ማዕበል ከሰአት በኋላ ሲነሳ ፊት ያለው ወንበር ስር ውሃ ሳይረጭ አይቀርም።