ለኦርኪድ ችግኝ መስኮት ወይስ የኤልኢዲ መብራት?

ከብልቃጥ (ዘሩ ከበቀለበት የታሸገ የመስታወት ዕቃ) ገና የወጣ የኦርኪድ ችግኝ ቅጠሉ ስስ ነው፤ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ካረፈበት ነጭ ጠባሳ ይተውበታል። መስኮት ወጪ የለውም፤ ብርሃኑ ግን ደመና በመጣ ቁጥር ይዋዥቃል። በስስ መጋረጃ ካለዘቡት በኋላ እጅዎን ከችግኙ በላይ ይዘርጉ፦ ጥላው ደብዘዝ ካለ መልካም ነው፤ ጠርዙ ቁልጭ ብሎ ከታየ በዝቷል።

የኤልኢዲ መብራት በጋ ክረምት አይልም። ለፋላኖፕሲስ (በቤት ውስጥ በብዛት ለሚያድገው የኦርኪድ ዓይነት) ችግኝ ከቅጠሉ 30 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ በቀን ከ12 እስከ 14 ሰዓት ማብራት ደህና መነሻ ነው። ቅጠሉ ወደ ቀይ ካደላ መብራቱን ማራቅ፣ አረንጓዴው ጠቁሮ ቅጠሉ ከተለጠጠ ማቅረብ ነው። ሌሊት ግን ይጥፋ፤ ፋላኖፕሲስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያስገባው በአብዛኛው በጨለማ ነው።

እኔ ለመጀመሪያው ዓመት መብራቱን እመርጣለሁ። ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ያለው ሰው ግን ገንዘቡን ቢቆጥብ አልፈርድበትም።