የዩሲኤልኤ ኤክስቴንሽን የኮሌጅ አማካሪነት ሰርተፍኬት፦ ማመልከቻው ላይ ጎበዝ፣ ገንዘቡ ላይ አጭር

ፀጉር ለመቁረጥ ፈቃድ በሚጠየቅበት በአሜሪካ፣ «የኮሌጅ መግቢያ አማካሪ ነኝ» ብሎ በግል ለመሥራት የሚጠየቅ የሙያ ፈቃድ የለም። ዛሬ ካርድ አሳትሞ ነገ ደንበኛ መቀበል ይቻላል። ስለዚህ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የኤክስቴንሽን ክፍል የሚሰጠውን ይህን የኮሌጅ አማካሪነት ሰርተፍኬት የመዘንነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የጨረሰው ሰው የአንድን ቤተሰብ ፋይል ተቀብሎ ሳያበላሽ ዳር ያደርሳል ወይ? በማመልከቻው በኩል አዎ፤ በገንዘቡ በኩል ግን ገና ይቀረዋል።

ትምህርቱ በኦንላይን ይሰጣል። ተማሪን የማማከር ዘዴ፣ የመግቢያው ሂደት፣ የፋይናንሻል ኤይድ (ለኮሌጅ ክፍያ የሚሰጥ ድጋፍ) መሠረታዊ ነገሮች፣ ፈተናዎችና የሙያ ምዘና፣ የተለየ ሁኔታ ስላላቸው ተማሪዎች የሚያወሳ ኮርስ፣ በስተመጨረሻም የተግባር ልምምድ አለው።

ብዙ ሰው ከፍሎ ከጀመረ በኋላ የሚደርስበት ነገር አለ፦ ይህ ወረቀት የመንግሥት ትምህርት ቤት ካውንስለር አያደርግም። ለዚያ ካሊፎርኒያ ፒፒኤስ የሚባል ፈቃድ ትጠይቃለች፤ እሱም የድኅረ ምረቃ ትምህርትና ክትትል ያለበት ልምምድ ይፈልጋል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያም የየራሳቸው ፈቃድ አላቸው። ኮሌጅ ውስጥ ተቀጥሮ ማመልከቻ ማንበብ ለሚፈልግ ደግሞ ወረቀቱ የግድ አይደለም፤ ጀማሪ የአድሚሽን ሠራተኛ በአብዛኛው በመጀመሪያ ዲግሪ ይቀጠራል። ሰርተፍኬቱ በልኩ የተሰፋው በግል ለሚሠራ፣ ወይም በግል ትምህርት ቤትና በበጎ አድራጎት ድርጅት ለሚገባ ሰው ነው።

ጠንካራ ጎኑ ልምምዱ ነው፤ ይህ ሥራ ከሰው ፋይል ጋር ካልታገሉ አይለመድም። ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚቀበሉት ማመልከቻ፣ ኮመን አፕ፣ የሚጠይቀው ድርሰት ከ250 እስከ 650 ቃል ነው፤ ጀማሪ አማካሪ እጁን መሰብሰብ ያቅተውና የ17 ዓመቱን ልጅ ጽሑፍ የ45 ዓመት ሰው ድምፅ ያሰጠዋል፤ አንባቢው ወዲያው ያውቀዋል። ከድርሰቱ ይልቅ የሚዘነጋው የአክቲቪቲ፣ ማለትም ከክፍል ውጭ የሚሠሩ ነገሮች፣ ዝርዝሩ ነው። 10 መስመር አለ፣ ለእያንዳንዱ ማብራሪያ የሚፈቀደው 150 ፊደል ብቻ። የእኛ ልጆች «ቤተ ክርስቲያን አገለግላለሁ» ብለው ያልፋሉ። «ለ30 ሕፃናት ፊደል አስቆጥራለሁ፣ በሳምንት 3 ሰዓት» ቢባል ግን ሰው ይታያል። ታናናሾቹን የሚጠብቅ፣ እናቱን ሐኪም ቤት እየወሰደ የሚያስተረጉም ልጅ ይህን እንደ ቁም ነገር ስለማይቆጥረው አይጽፈውም፤ ኮመን አፕ ግን የቤተሰብ ኃላፊነትን ራሱን የቻለ ምድብ አድርጎ አስቀምጦታል። ጥሩ አማካሪ ይህን ጠይቆ ያወጣል።

ገንዘቡ ላይ ስንመጣ፣ አንድ የፋይናንሻል ኤይድ ኮርስ ለእኛ ማኅበረሰብ አይበቃም። ልጅቷ ሳባ ተስፋዬ፣ አባቷ ተስፋዬ ከበደ፣ እናቷ አልማዝ በቀለ ናቸው እንበል። ፋፍሳ በሚባለው የፌዴራል ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ላይ፣ እስከ 2025–26 ድረስ፣ ሳባ ወላጇ የራሱን ክፍል እንዲሞላ ግብዣ የምትልከው በስም፣ በልደት ቀንና በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መዝግባ ነበር። «የቤተሰብ ስም» ሲላት ለእናቷም «ተስፋዬ» ብላ ከሞላች፣ እናትየው በራሷ ስም ከከፈተችው አካውንት ጋር ስለማይገጥም ግብዣው አይያያዝም ነበር፤ ከ2026–27 ጀምሮ ግን ግብዣው በወላጅ ኢሜይል ብቻ ይላካል። ወላጅ አካውንቱን ሲከፍት ግን አሁንም የሶሻል ካርዱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ስሙን ፊደል በፊደል መገልበጥ አለበት። ባልና ሚስት ታክስ አብረው ካስገቡ የአንዳቸው ብቻ ይበቃል። ያ ወላጅ የታክሱ መረጃ ከፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ፣ ከአይአርኤስ፣ እንዲመጣ ካልፈቀደና ካልፈረመ ግን የፌዴራል ድጋፍ የለም።

ከዚያ የታክሱ ዓመት አለ። ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። በ2025 መኪናው ቆሞበት ገቢው የወረደ የኡበር ሾፌር ፋፍሳው ላይ ይህን የሚገልጽበት ቦታ የለውም፤ ማስረጃውን ይዞ እያንዳንዱን ኮሌጅ ለየብቻው እንደገና እንዲያይለት መጠየቅ አለበት። ሁለት ልጅ አንድ ላይ ኮሌጅ ሲገባ ከቤተሰቡ የሚጠበቀው ክፍያ ይካፈል የነበረበት የፌዴራል ስሌትም ከ2024–25 ጀምሮ ቀርቷል፤ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባለውን ሌላ የድጋፍ ቅጽ የሚጠይቁ ኮሌጆች ግን አሁንም ሊያዩት ይችላሉ። የድሮውን ስሌት ይዞ የሚመክር ሰው ቤተሰብን ዕዳ ውስጥ ይከታል።

ሌላ ጠንቅቆ መታወቅ ያለበት ኮሚሽን ነው። የአሜሪካ ሕግ የፌዴራል ድጋፍ የሚቀበሉ ኮሌጆች በተማሪ ቁጥር እየቆጠሩ ለመልማይ እንዳይከፍሉ ይከለክላል፤ ውጭ አገር የሚኖሩ የውጭ ዜጎችን ግን አይመለከትም። አዲስ አበባ ላለ ኤጀንት ኮሌጁ ኮሚሽን ሊከፍለው የሚችለው በዚህ ቀዳዳ ነው። በ1976 የተመሠረተው የግል አማካሪዎች ማኅበር፣ አይኢሲኤ፣ አባላቱ ተማሪ በማስገባታቸው ከኮሌጅ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ያግዳል። ከቤተሰቡም ከኮሌጁም የሚቀበል ሰው ለማን እንደሚመክር ራሱም ይጠፋዋል።

ተመሳሳይ ትምህርት በዩሲ ሳንዲያጎና በዩሲ አርቫይንም ስላለ ዋጋና የልምምዱን አደረጃጀት ማወዳደር አይከፋም። የዩሲኤልኤን ኮርሶች አንድ በአንድ መውሰድ ስለሚቻል፣ የሙሉውን ከመጀመር በፊት ፋይናንሻል ኤይዱን ብቻ መሞከር እንመክራለን፤ ከተቻለ በመጸው፣ ፋፍሳ በተለምዶ ኦክቶበር 1 ስለሚከፈት ቅጹን እያዩ ይማሩታል።