ግጥሙ ይመዘን ወይስ ገጣሚው?

እ.ኤ.አ. በ1949 አሜሪካዊው ገጣሚ ኤዝራ ፓውንድ የቦሊንገንን የግጥም ሽልማት ሲያገኝ በአገር ክህደት ተከስሶ ዋሽንግተን በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከሮም ሬዲዮ ለሙሶሊኒ ወግኖ አይሁድን ሲዘልፍ ከርሟል።

ገጣሚው ቲ. ኤስ. ኤልየት ከነበረባቸው የሽልማቱ ዳኞች የሚበዙት «ግጥሙ ብቻ ይመዘን» አሉ። አይሁዳዊው ዳኛ ካርል ሻፒሮ ግን የሰውየው አመለካከት ግጥሙንም አበላሽቶታል ብሎ ተቃወመ።

እኔ ወደ ሻፒሮ አደላለሁ። የተሸለሙት «የፒዛ ካንቶዎች»፣ ፓውንድ ጣሊያን ውስጥ ታስሮ ሳለ የጻፋቸው ግጥሞች፣ የሚከፈቱት ሚላኖ ላይ ቁልቁል ለተሰቀለው ሙሶሊኒ በሚያወርድ ሙሾ ነው፤ አያቶቹ በዚያው ሰው የመርዝ ጋዝ ላለቁበት ኢትዮጵያዊ ይህ እንዴት የስንኝ ውበት ብቻ ይሆናል? ችግሩ እስረኛው ጉንዳን እየተመለከተ «ከንቱ ኩራትህን አውርድ» ከሚለው ገጽ ስደርስ ነው። እዚያ ኤልየት ያሸንፈኛል።