ከኬሞ በኋላ ለሚደነዝዝ እጅ፦ ዱሎክሴቲን ወይስ የጣት ልምምድ?

እናቴ ፓክሊታክሴል የተባለውን የካንሰር መድኃኒት (ኬሞ) ከጨረሰች በኋላ እጇ ደንዝዞ የቀሚሷን ቁልፍ መቆለፍ አቃታት፤ ስኒም ከእጇ ያመልጥ ጀመር። የቱ ይሻላል ለምትሉ ሁሉ እነሆ።

ዱሎክሴቲን፦ ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ለዚህ ችግር የአሜሪካ ክሊኒካል ኦንኮሎጂ (የካንሰር ሕክምና) ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው የደገፈው ብቸኛ መድኃኒት ነው፤ ያውም ሕመም ላለበት። ለሚያቃጥልና ለሚወጋ እጅ ይረዳል፤ ለድንዛዜ ብቻ ግን ብዙ ተስፋ አልጥልበትም። አብዛኛውን ጊዜ በ30 ሚሊግራም ተጀምሮ ከሳምንት በኋላ ወደ 60 ይወጣል። ያቅለሸልሻል፣ አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል፤ በድንገት ማቋረጥ አይቻልም። ታሞክሲፌን (የጡት ካንሰር መድኃኒት) የምትወስዱ ወይም የጉበት ችግር ያለባችሁ ለሐኪም ሳትነግሩ እንዳትጀምሩት።

የጣት ልምምድ፦ ወጪ የለውም፤ ማስረጃው ግን ገና አልጠነከረም፣ ትዕግሥትም ይፈልጋል። እናቴ ምስርና ሽምብራ ደባልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና በጣቷ ትለያለች።

በሁለቱም መንገድ ጥንቃቄው አይቀርም። ደንዛዛ እጅ ሙቀት አያውቅም፤ ጀበናው በወፍራም ጨርቅ ይያዝ፣ የመታጠቢያው ውኃ በክንድ ይለካ።

ሕመሙ እንቅልፍ ከነሳችሁ ስለ ዱሎክሴቲን ሐኪም አማክሩ። ድንዛዜ ብቻ ከሆነ ከልምምዱ ጀምሩ። ኬሞው ገና ካላለቀ ግን ዛሬውኑ ተናገሩ፤ መጠኑ ሊቀነስ ይችላል።