ሰው ላይ ለሚዘል ውሻ ምን ይገዛ? ሰንሰለት፣ የ2 ሜትር ገመድና የደረት ማሰሪያ ለሐዋሳ ግቢ ሲመዘኑ

ውሻው እንግዳ ላይ እየዘለለ ሲያስቸግር ብዙ ሰው የሚሮጠው ወፈር ያለ ሰንሰለት ለመግዛት ነው። ለዚህ ሥራ ግን ከሰንሰለት የባሰ ምርጫ የለም። ከዚህ በታች ለዚህ ችግር የሚገዙትን ዕቃዎች የመዘንነው የሐዋሳን ግቢ እያሰብን ነው፤ ቦታው ጠባብ፣ ከበሩ ውጭ ኮብልስቶን፣ ቀትሩ ሞቃት፣ ክረምቱ ጭቃ፣ እንግዳውም የማይቋረጥ። መዝለል በፈገግታ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ነጭ ነጠላ ለብሰው ከገብርኤል የተመለሱ እናት ላይ ጭቃ ይለጥፋል፤ ለሶላት የተዘጋጀ ጎረቤት ልብሱን የውሻ ምራቅ ከነካው እንደገና ማጠብ ሊኖርበት ነው፤ አዛውንትና ሕፃን ደግሞ ይወድቃሉ።

ዕቃውን ለመመዘን ምክንያቱን ማወቅ ይቀድማል። ቡችላ የእናቱን አፍ የሚልሰው የበላችውን እንድትተፋለት ነው። ካደገ በኋላም የሚወደውን ፊት መላስ የሰላምታው ክፍል ሆኖ ይቀራል፤ የሰው ፊት ከፍ ያለ ስለሆነበት በፊት እግሮቹ ደረት ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ ሰው «ተው!» ብሎ ይጮኻል፣ በእጁ ይገፋዋል፣ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ለውሻው ድምፁም፣ መነካቱም፣ መታየቱም ዋጋ ነው። በእጅ መገፋት እንዲያውም ትግል ይመስለዋል፤ ደግሞ ይዘላል። ስለዚህ መለኪያችን አንድ ነው፦ ዕቃው ውሻው ሲዘል ምንም እንዳያገኝ፣ አራት እግሩ መሬት ላይ ሲሆን ግን እንዲያገኝ ያስችላል ወይ?

የሚያንቀው ሰንሰለት በዚህ መለኪያ ይወድቃል። ውሻው ሲወጠር አንገቱን ያንቃል፣ ሲመለስ ይላላል፤ ሻጩ «በሁለት ቀን ያቆማል» ቢል አይገርምም፣ ሕመም ለጊዜው ያስቆማልና። ነገር ግን ውሻው ሕመሙን ከመዝለሉ ጋር ሳይሆን ፊቱ ከቆመው ሰው ጋር ሊያያይዘው ይችላል። እንግዳ በመጣ ቁጥር አንገቱን የሚያመው ውሻ እንግዳን መፍራት፣ ቀጥሎም ማጉረምረም ይጀምራል፤ በደስታ ይዘል የነበረው ወደ መንከስ ይሄዳል። ጉሮሮንም ይጎዳል፣ በተለይ የቡችላን። ወደ ውስጥ ሾህ ያለው የአንገት ማሰሪያም ከዚህ አይሻልም። ሁለቱንም አንመክርም። የተለመደው ረጅም ሰንሰለት ላይ ያለን ቅሬታ ሌላ ነው፤ ከባድ ነው፣ ፀሐይ ላይ ይግላል፣ በእጅ አይያዝም። ቀኑን ሙሉ በእሱ ታስሮ የዋለ ውሻ ሲፈታ ደግሞ የተጠራቀመ ጉልበቱ ሁሉ መጀመሪያ ያገኘው ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

በራሱ የሚጠቀለለውን ባለ ፕላስቲክ እጀታ ገመድ ይለፉት። ሁልጊዜ ትንሽ ስለሚወጠር ውሻው መጎተትን ይማራል፤ ቀጭኑ ገመድም እጅና ጣት ያቃጥላል።

ከሁሉም በፊት ሊገዛ የሚገባው ቀላሉ ዕቃ ነው፤ 2 ሜትር ርዝመትና ከ2 እስከ 2.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ የናይለን ገመድ። ሲገዙ ጨርቁን ትተው መንጠቆውን ይመልከቱ። መንጠቆው ዙሪያውን የሚሽከረከር መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ገመዱ ይጠማዘዝና ያጥራል። ምላሱን ተጭነው ይልቀቁት፤ ራሱ ጥርቅም ብሎ ካልተዘጋ ይመልሱት። መንጠቆው የተሰፋበት ቦታ ላይ ክሩ አራት ማዕዘን ሆኖ መካከሉ ላይ በኤክስ መሻገር አለበት፤ አንድ መስመር ብቻ የተሰፋ ገመድ ውሻው በኃይል ሲወረወር ይተረተራል። እንዲህ ያለ ካልተገኘ ከአሮጌ መኪና የወጣ የደህንነት ቀበቶ ለጫማ ሰፊ ሰጥቶ ማሰፋት ይቻላል፤ ለትልቅ ውሻ እንዲያውም እሱን እንመርጣለን።

ሁለተኛው የደረት ማሰሪያ፣ ሃርነስ የሚሉት ነው። «ከፊት ቀለበት ያለው መዝለልን ያቆማል» ሲባል ግን ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የደረቱ ቀለበት ውሻው ወደ ፊት ሲወረወር ሰውነቱን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ሰው ጋ ጎትቶ መድረስን ይከለክላል። አጠገቡ የቆመ ሰው ላይ ቀጥ ብሎ መነሳትን ግን አይከለክልም። ጥቅሙ ሌላ ነው፤ ታስሮ በሚለማመድበት ጊዜ ኃይሉ በአንገቱ ፈንታ በደረቱ ላይ ያርፋል። የፊቱን ቀለበት ለመንገድ፣ የጀርባውን ለማሰር ይጠቀሙ።

ልኩን በዓይን አይገምቱ። ከፊት እግሮቹ ጀርባ፣ ደረቱ በሚሰፋበት ዙሪያውን በልብስ ሰፊ ሜትር ይለኩ፤ ከተጠለቀ በኋላ በማሰሪያውና በቆዳው መካከል ሁለት ጣት መግባት አለበት። ሦስትና አራት ጣት ከገባ ውሻው ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይወልቃል፣ በር ላይ ሲሆን ደግሞ መንገድ ላይ ይወጣል። ከጠበበ ብብቱን ይልጣል፤ ሳምንት ሳይሞላ ፀጉሩ ሳስቶ ያዩታል። ልምምዱ ሲያልቅ ማውለቅ ይገባል፣ ለብሶት የሚውል ውሻ ያኝከዋል። ፀሐይ ላይ የቆየ የፕላስቲክ መቆለፊያም ይሰነጠቃልና በየሳምንቱ ይታይ።

ክሊከር የምትባለው «ጠቅ» የምትል ትንሽ ዕቃ ጥሩ ናት፤ ግን ግድ አይደለችም። አማርኛ «ጎሽ!» የሚል አጭርና ሹል ቃል አለው፤ ትክክል ባደረገበት ቅጽበት ከተባለና ሽልማት ከተከተለው ያንኑ ይሠራል። ቤተሰቡ በሙሉ ይህንኑ አንድ ቃል ብቻ ይበል።

ገመዱን ያለ ሽልማት መግዛት ትርፍ የለውም። ሽልማቱ የሽምብራ ፍሬ ያክላል፣ አይበልጥም። የታሸገ የውሻ ብስኩት ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም፤ ሩብ ኪሎ ጉበት ተቀቅሎ 1 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ሲከተፍ ከመቶ በላይ ቁራሽ ይወጣዋል። ሳንባም ይሆናል። ሁለቱም ግን ጥሬአቸውን አይሰጡም። በበግና በከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ የሚገኘው ውኃ የቋጠረ ኪስ የትል ቤት ነው፤ ውሻው ጥሬውን ከበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣና ፀጉሩና አፉ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ ወደ ሰው ይተላለፋል። ፊት ላይ የሚዘል ውሻ ሲሆን ይህ ያስፈራል። በትንንሹ ቆርጠው ቢያንስ 30 ደቂቃ ያፍሉት፤ ኪስ ያለበትን ክፍል አስቀድመው አውጥተው ይቅበሩት። ቋንጣ በርበሬና ጨው ስላለበት አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የነካው ወጥም የውሻን ደም ይጎዳል። ብዙ ሥጋ ቤቶች በሚዘጉባቸው የሁዳዴ 55 ቀናት ሐዋሳ ከሌሎች ከተሞች ትሻላለች፤ አሞራ ገደል ዓሣ አለ። ቆሮሶውን ቀቅለው አጥንቱን በጣት እየዳሰሱ ይልቀሙ። የሽልማቱ መጠን ከዕለት ምግቡ ከአሥር እጅ አንዱን እንዳያልፍ፤ ያን ያህል ከገበታው ይቀንሱለት።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ። ግድግዳ ወይም ምሰሶ ላይ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ቀለበት ይምቱ፤ ከፍ ካለ ውሻው ሊንጠለጠል ይችላል። ገመዱን አሳጥረው 1.2 ሜትር ያድርጉት፣ አንዱን ጫፍ ከግድግዳው፣ ሌላውን ከደረት ማሰሪያው የጀርባ ቀለበት ጋር ይሰሩት። ሽልማት እየወረወሩ የፊት እግሩ የት ድረስ እንደሚደርስ ይዩና ከዚያ ግማሽ ሜትር አልፈው በጠመኔ መስመር ያስምሩ። ረዳትዎ ከ4 ሜትር ተነስቶ በዝግታ ይምጣ። ውሻው የፊት እግሮቹን ባነሳ ቅጽበት ረዳቱ ቃል ሳይናገር ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መነሻው ይመለስ። አራቱም እግሮች መሬት ሲነኩ ሁለት ሰከንድ ጠብቆ እንደገና ይቅረብ። መስመሩ ላይ ሲደርስ ውሻው ካልተነሳ «ጎሽ!» ብሎ ሽልማቱን እግሩ ሥር ይጣልለት። ከላይ የሚዘረጋ እጅ አፍንጫውን ወደ ላይ ይስባል፣ እግሩም ይከተላል፤ ስለዚህ ሽልማቱ ሁልጊዜ ከታች ነው። በአንድ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ምልልስ፣ 5 ደቂቃ፣ በቀን ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይበቃል። አምስት ተከታታይ ምልልስ ሳይዘል ሲቀር ረዳቱ መስመሩን አልፎ አገጩን ከሥር ይንካው። ራስ መዳበስ በኋላ ይደርሳል። ሰዓቱም ይመረጥ፤ ጠዋት ከ12 እስከ 2፣ ማታ ከ11 በኋላ። ቀትር ላይ ውሻ ያለከልካል እንጂ አይማርም።

ከዚያ የሚቀጥለው በር ላይ ነው። ገመዱ ከጀርባ ቀለበቱ ጋር ሆኖ መሬት ይነካል፣ እርስዎ ይረግጡታል። ውሻው ቀጥ ብሎ ሲቆም ገመዱ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላላ፤ ምቾት አለው፣ መነሳት ግን አይችልም። እንግዳው ይግባ፣ ሰላምታ ይለዋወጡ፣ ውሻውን ማንም አያየው። ሲረጋጋ ያን ጊዜ ይሸለማል።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ሦስት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ትዕግሥት ማጣት ነው። መዝለል ዋጋ ሲያጣ ውሻው ከመተው በፊት ይብስበታል፤ ከፍ ብሎ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ልብስ ይነክሳል። ያን ጊዜ አንድ ሰው «አይ ምስኪን» ብሎ ከዳበሰው በርትቶ መዝለል እንደሚያዋጣ ተማረ ማለት ነው። ሁለተኛው ዘሎ ሲወርድ ወዲያው መሸለም ነው፤ ውሻው መዝለልን፣ መውረድንና መብላትን እንደ አንድ ሥራ ይይዘዋል። ከወረደ በኋላ ቢያንስ 3 ሰከንድ ይጠብቁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከመዝለሉ በፊት ይሸልሙ። ሦስተኛው የቤት ሰው አለመስማማት ነው። ልጆቹ ሲዘልባቸው የሚስቁ ከሆነ፣ ዘበኛው ደግሞ የሚያጫውተው ከሆነ፣ በየአሥሩ አንዴ የሚያገኘው ዋጋ ልማዱን ከሁልጊዜው ይበልጥ ያጸናዋል። ደረቱን በእግር ጉልበት መምታትና የኋላ እግሩን መርገጥ የሚባለው የድሮ ምክር ጉዳት እንጂ ትምህርት የለውም።

«ካስለመድኩት ግቢ አይጠብቅም» የሚለው ስጋት ተገቢ ጥያቄ ነው፣ መልሱ ግን ግልጽ ነው። ይህ ልምምድ የሚነካው እርስዎ በር ከፍተው ያስገቡት ሰው ላይ የሚያደርገውን ሰላምታ ነው። የተዘጋ በር የሚነካካ ሰው ላይ መጮኹ ሌላ ባሕርይ ነው፣ እንዳለ ይቆያል። ለይተው ማየት ያለብዎት ሌላ ነገር ነው፦ የሚዘለው ውሻ ሰውነቱ የላላ፣ ጅራቱ ከወገቡ ጀምሮ የሚወዛወዝ ከሆነ ደስታ ነው፤ ገላው ከደረቀ፣ ጅራቱ ቀጥ ብሎ ከቆመና ዓይኑ ከፈጠጠ ግን እነዚህ ዕቃዎች ለእሱ አይደሉም፣ እንግዳ አጠገብ አያድርሱት፣ የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ፣ ከዚያም በየዓመቱ ይከተብ። ጥፍሩ ወይም ጥርሱ ሰው ካቆሰለ ቁስሉ 15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ይታጠብ፣ ሰውየውም በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ።

አሰልጣኝ መቅጠር ለሚፈልግ፦ ውሻውን ወስዶ ከወር በኋላ ከሚመልስ ይልቅ ግቢ ድረስ መጥቶ ቤተሰቡን የሚያለማምድ ይመረጣል። ውሻው ለአሰልጣኙ የተማረውን ለልጆቹ አያደርግላቸውም፤ የሚዘልባቸው እነሱ ናቸውና።

ልምምዱ ገና ሳይጸና ፍቼ ጨምበላላ ወይም ቡሄ ከደረሰ ውሻውን በር ላይ አይፈትኑት። ልጆች በቡድን እየዘፈኑ ሲገቡ፣ በቡሄ ደግሞ ዱላ ይዘው መሬት ሲመቱ፣ የሦስት ሳምንት ድካም በአንድ ከሰዓት ይፈርሳል። ከመምጣታቸው በፊት ጓሮ ወስደው የተቀቀለ አጥንት ሳይሆን ጠንካራ ላስቲክ መጫወቻ ይስጡት፤ የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ልምምዱ በማግስቱ፣ ካቆመበት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይቀጥላል።